ለእንግዳ የወጣችው ማሽን

ባለፈው ሳምንት እንጅባራ የሚሠራ አንድ ወጣት ሐኪም ደወለልኝ። የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ዓመታዊ ጉባኤ ዘንድሮ ተመልሶ ወደኛ አገር መምጣቱን በደስታ ነገረኝና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ያኔ እዚህ ሲካሄድ ነበሩበት። መድረኩ ላይ ወጥተው አንድ ጣፋጭ ትዝታ ያካፍሉን» አለኝ። ጣፋጭ የምትለው ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረች። አስቤ እደውላለሁ አልሁት። እስካሁን አልደወልሁም፤ ቁጭ ብዬ ይኸን እጽፋለሁ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብላ፣ አስፋልት ዳር በነበረች አንዲት ትንሽ የበጎ አድራጎት ሆስፒታል በነርስነት እሠራ ነበር። ዛሬ የለችም፤ ረጂዎቿ ጥለዋት ሲሄዱ ተዘጋችና ሕንፃዋ የእህል መጋዘን ሆነ። ስለራሴ እውነቱን ልናገርና፣ ጋውኔን በየቀኑ የምተኩስ፣ ገበሬው «ዶክተር» ሲለኝ የማላርም ጎረምሳ ነበርሁ።

ሆስፒታሏ አንዲት ውድ ዕቃ ነበረቻት፤ ከአየር ኦክስጅን እየለየች ለበሽተኛ የምትሰጥ፣ ከሥሯ ጎማ ያላት ማሽን። ከእሷ ሌላ የነበረን አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ነው፤ እሱም ባሕር ዳር ሄዶ ካልተሞላ ባዶ ብረት ነው። የክፍላችን ኃላፊ ሲስተር አበባ ለማሽኗ በእጇ ዳንቴል ሠርታ አልብሳታለች። በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ ዳንቴሉ ይነሣል፣ ይታጠፋል፣ መስኮት ላይ ይቀመጣል። ሰው የሚተነፍሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ጉባኤው እንጅባራ እንደሚካሄድ የተሰማ ጊዜ ሥራ አስኪያጃችን እንቅልፍ አጣ። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከባሕር ዳር ፕሮፌሰሮች ይመጣሉ። እያንዳንዱ ሆስፒታል ሥራውን በአዳራሹ መተላለፊያ ላይ እንዲያሳይ ተጠይቋል፤ ሌሎቹ ፎቶና ጽሑፍ ሊለጥፉ ነው። «እኛም ወረቀት ሰቅለን ልንቆም ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ማሽኗን ይዘን እንሄዳለን። ያለንን ሰው ይይልን እንጂ!»

በኛ አገር ድግስ ሲደገስ ቤት ውስጥ ያለው ምርጥ ነገር ሁሉ ይወጣል። ባለቤቱ ዓመቱን ሙሉ በጣሳ ይጠጣል፤ ብርጭቆው ቁም ሳጥን ውስጥ ሆኖ እንግዳ ይጠብቃል። እኛም ማሽኗን ያየናት በዚሁ ዓይን ስለነበር ነገሩ ለማናችንም አልከበደንም። ሲስተር አበባ ብቻ፣ «ሰው ቢመጣስ?» አለች። ባዶውን አልጋ አሳየኋት። «አንድ ቀን እኮ ነው፤ ማን ይመጣል?» አልኋት። ይኸን ያልሁት እኔ ነኝ፤ በሥራ አስኪያጁ ላላሳብብ።

ወሩ ኅዳር ነበር። የሄድን ዕለት ጠዋት ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። ሲሊንደሩን ሊያስሞላ ባሕር ዳር መሄድ የነበረበት ፒካፕ ማሽኗን ጭኖ ወደ እንጅባራ ዞረ። ከኋላ ፍራሽ አነጠፍንላት፣ ብርድ ልብስ ደረብንላት፣ እንዳትናወጥ በገመድ አሰርናት። በዚያ መንገድ እንዲያ ተመችቶት የተጓዘ በሽተኛ አላስታውስም። በመንገዱ ግራና ቀኝ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ከሰል በጆንያ ተደርድሯል፤ ባለከሰሎቹ እሳት ከበው ትኩስ ድንች እየላጡ ይበላሉ። እኔ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ ለፕሮፌሰሮቹ የምናገረውን እለማመድ ነበር።

የሆቴሉ አዳራሽ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል። ማሽኗን መተላለፊያው ላይ አቁሜ አስነሣኋትና ቱቦዋን ውሃ የሞላ ብርጭቆ ውስጥ ነከርሁት። ኦክስጅኑ ውሃውን እየበጠበጠ አረፋ ያወጣል፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል፣ አንዳንዱ ፎቶ ያነሣል። ውስጥ ስለ ጽኑ ሕሙማን ጥናት ይቀርባል፤ ጭብጨባው እስከ ውጭ ይሰማል። እኔም በየመካከሉ ዳንቴሉን አስተካክላለሁ።

አራት ሰዓት ተኩል ገደማ አንድ ገበሬ ወደ እኔ መጡ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሸንፍጠዋል፤ በትልቅ ሰው ፊት እንደሚደረገው። ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም።

«ዶክተር፣ ከሆስፒታል ነው የመጣሁ። ይኸን ለአንቱ ስጥ ብለውኝ» አሉና አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

በእኛ ሆስፒታል ተላላኪው አስታማሚ ነው። የመድኃኒት ማዘዣ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የነፃ ሕክምና ማመልከቻ፣ ሁሉንም ከክፍል ክፍል ይዞ የሚሮጠው እሱ ነው፤ እንዲህ ያለ ወረቀት በቀን ሃያ ጊዜ ይደርሰኛል። በዚያች ቅጽበት ደግሞ ዋናው ፕሮፌሰር ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። ወረቀቱን ገለጥ አደረግሁና፣ ዓይኔ ፕሮፌሰሩ ላይ ስለነበር ሳላነብበው መልሼ አጥፌ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ከተትሁት።

«ቁጭ ይበሉ አባ፤ እንግዶቹ ይለፉ» አልኋቸው።

ወንበር ሰጠኋቸው። እዚያው ከማሽኗ ፊት ለፊት ተቀመጡ። አስተናጋጇ ሻይና ብስኩት አመጣችላቸው። ሻይውን ጠጡና ብስኩቱን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት። «ለልጄ ነው» አሏት እንደ ማፈር ብለው። ጥቂት ቆይተው ማሽኗን በአገጫቸው እያሳዩ፣ «ታስተነፍሳለች አይደል ዶክተር?» አሉኝ።

«ምን ጠየቁኝ አባ፣ የሞተ ታስነሣለች!» አልሁ። ፕሮፌሰሩ ሳቀ። እኔም ስላሳቅሁት ደስ አለኝ። ሰውዬውም አብረው ፈገግ አሉ።

እንዲህ አንድ ሰዓት አለፈ። እንግዶቹ አላለቁም፤ ሰውዬውም አልተነሡም። በመጨረሻ ፕሮፌሰሩ ተመልሶ መጣና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ጎበዝ ልጅ ነህ። አንድ የሥልጠና ዕድል አለ፤ ስምህንና አድራሻህን ጻፍልኝ» አለኝ። ባዶ ወረቀት ፍለጋ እጄን ኪሴ ስከት ያን የታጠፈውን አገኘሁት። በነጩ ጀርባው ላይ ስሜን እስከ አያቴ በሚያምር እጅ ጽሕፈት ጻፍሁ። ልሰጠው እጄን ዘርግቼ፣ ሌላው ገጽ የማያሳፍር መሆኑን ለማየት ገለበጥሁት።

«ኦክስጅን የሚያስፈልጋት ልጅ መጥታለች፤ ሲሊንደሩ ባዶ ነው፤ ስልኩ ኔትወርክ የለውም። ማሽኗን አሁኑኑ ይዘህ ና። አበባ።»

ማሽኗን ከነዳንቴሉ እየገፋሁ ሮጥሁ። ሾፌሩ ምሳ ቀርቦለት ነበር፤ እጁን እስኪታጠብ ጠበቅነው። ፍራሹን ማንጠፍ ያሰበ የለም። ሰውዬው ከኋላ ወጥተው ማሽኗን እንደ ሕፃን አቅፈው ተቀመጡ። በመንገድ በኋላ መስኮት ዞር እያልሁ አያቸው ነበር።

ሲስተር አበባ በር ላይ ቆማለች። «ካረፈች ሃያ ደቂቃዋ» አለችኝ፤ ዓይኔን አላየችም። ልጅቷ ትርንጎ ትባላለች፤ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። የሳንባ ምች ነበር፤ ማሽኗ በቦታዋ ብትኖር የምትተርፍበት በሽታ። እዚያ አልጋ ላይ የተኛችው እኛ ከወጣን ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ነው። አባቷ አያ ፈንቴ አልጮኹም። ጋቢያቸውን ፈትተው ብስኩቱን አወጡና ለሲስተር አበባ ሰጧት። «ብይ ልጄ፣ ስትለፊ ነው የዋልሽ» አሏት። አበባ ያኔ ነው የጮኸችው።

ማታውኑ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። «ዘግይታ ነው የመጣችው፤ መዝገቡ ላይ እንደዚያ ጻፍ» አለኝ። ጻፍሁ። የአበባን ወረቀት ቀዳድጄ ጣልሁት። ከሳምንት በኋላ ከጉባኤው አዘጋጆች ላበረከትሁት አስተዋጽኦ የምስጋና የምስክር ወረቀት መጣልኝ። ለፕሮፌሰሩም አድራሻዬን በሌላ ወረቀት ላክሁለት፤ ሥልጠናውንም አገኘሁ። ዛሬ ሰው የሚያከብረኝ በዚያ ሥልጠና ባገኘሁት ሙያ ነው።

አያ ፈንቴን ከዚያ ወዲያ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ግን ዳንግላ፣ ጋሪ መቆሚያው ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። አርጅተዋል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ሽሽቱ ሰለቸኝና ሻይ ቤት አስገብቼ ነገርኋቸው።

«አያ ፈንቴ፣ ያን ቀን የሰጡኝን ወረቀት አላነበብሁትም ነበር። ኪሴ ከትቼ ረሳሁት። ማሽኗ ትመለስ የሚል ነበር።»

ብርጭቆውን አስቀመጡት። «ማሽኗ ትመለስ የሚል መሆኑንማ አውቃለሁ» አሉ። «ሚኒባሱ ላይ አንድ መምህር አንብቦልኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ? ከፊቷ አይደል የተቀመጡት?»

ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ያሉኝ። «አንብበኸው ነዋ ቁጭ በል ያልኸኝ መስሎኝ! ሰዓቱን የምታውቁት እናንተ። እንግዲያስ ገና ጊዜ አላት ብዬ ደስ ብሎኝ ተቀመጥሁ።»

እውነት ለማወቅ እንደፈለገ ሰው አዩኝና፣ «ረጅም ነበር እንዴ ወረቀቱ?» አሉኝ።

«አይ፤ ሁለት መስመር ነው» አልሁ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ፣ ሳይሰናበቱኝ ወጥተው ጋሪ ላይ ወጡ። ባለፈው ክረምት ማረፋቸውን ሰማሁ። ለቅሶ ለመሄድ ፊት አጣሁ።

ለወጣቱ ሐኪም ምን ልበለው? መድረክ ላይ ወጥቼ ስለ ማሽኗና ስለ ዳንቴሉ ባወራ አዳራሹ ይስቃል፤ ማሳቅ እችልበታለሁ። የሆስፒታሏን መዝገብ መጋዘኑ ውስጥ አይጥ ጨርሶት ይሆናል። እኔ ግን በገዛ እጄ የጻፍሁትን አልረሳሁም፤ አፍርበታለሁ፤ «ቤተሰብ ዘግይቶ ያመጣት» ይላል። አያ ፈንቴ ልጃቸውን ከዶሮ ጩኸት ጀምረው፣ ከጎረቤቶቻቸው ጋር በቃሬዛ ተሸክመው፣ በዚያ ውርጭ ሲሮጡ ነበር የመጡት።