ቀለም የለቀቀው መለያ

እሁድ ረፋድ፣ ብሩክሊን ሴንተር፣ ባሕር ማዶ ያለው ቤቴ ሳሎን። ቴሌቪዥኑ ላይ ክሮኤሺያ በዓለም ዋንጫው ፍጻሜ ተሸንፋ፣ አስር ቁጥሩ አምበሏ የኮከብነት ሽልማቱን ሲቀበል ዝናብ ይወርድበታል።

ልጅ ሳለሁ፣ ክሮኤሺያ ሦስተኛ በወጣችበት ክረምት፣ ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ነጭ ካናቴራው ላይ የእነሱን መለያ ቀይ የዳማ ካሬዎች ቀባበት። ጀርባው ላይ የጎል አዳኛቸውን ዘጠኝ ቁጥር ጻፈ። ለብሶት ኳስ ሲጫወት ዝናብ መታው፤ ቀዩ ቀለም ደረቱ ላይ እየወረደ፣ እየሳቀ ገባ።

አባቴ ከወንበሩ ብድግ አለ። «አውልቀው! አሁኑኑ አውልቅልኝ!»

ለካናቴራው የተቆጣ መስሎኝ ነበር። ዳዊት ለጦር ግንባር መመዝገቡን ከቤታችን የሚያውቀው አባቴ ብቻ ነበር።

ዳዊት አልተመለሰም።

«ማሚ፣ ሰከንድ ፕሌስ እኮ ነው የወጡት! ለምን ታለቅሻለሽ?» አለችኝ ልጄ።

አምበሉ በስብሷል። የመለያው ቀይ ግን አልለቀቀም።