ከቅጥሩ ሥር የተቀመጡት

ልጅ እያለሁ የሰንበቴ ተራችን መድረሱን የማውቀው በጌሾ ሽታ ነበር። እናቴ ጠላ ስትጠነስስ ቤቱ በሙሉ ይታወድ ነበር። ዝናብ በቀረበት በዚያ ዓመት ግን ጌሾ አልተወቀጠም። ከቀረችን ገብስ ሁለት ድፎ ዳቦ ጋግራ፣ ሰቆጣ ወዳለው ደብራችን ይዛኝ ሄደች።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ከፃግብጂ የመጡ ረኃብተኞች ተቀምጠው ነበር። አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋለች። ጡቷ ደርቆ፣ ሕፃኑ ማልቀስ እንኳ ተስኖታል። እናቴ ጎንበስ ብላ በቋንቋዋ በኽምጣኛ አነጋገረቻት። ከዚያ አንዱን ድፎ እዚያው ትቆርስላቸው ጀመር።

የሰንበቴያችን አለቃ፣ እኛን ልጆቹን ፊደል ያስቆጠሩን ቄስ፣ ከደጀ ሰላሙ ብቅ አሉ።

«አንቺ ትርንጎ! ሳይባረክ?»

«ይባርኩልኝ አባ። እነሱ ግን መቆየት አይችሉም።»

«ጳውሎስ አስቀድሞ ለሃይማኖት ቤተሰብ ነው ያለው። እኛም የራሳችን ድሆች አሉን።»

«ማተባቸው አይታይዎትም? ወይስ ማተብም በደብር ይለያል?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ቄሱ አልሳቁም። «ከእንግዲህ ተራሽ ይቅር! ከሰንበቴያችን ወጥተሻል» አሉ። እናቴ ሁለተኛውንም ድፎ ቆረሰች።

በሚቀጥለው ሰንበት ስንመጣ ከቅጥሩ ሥር ማንም አልነበረም። «ወደ አገራቸው ሸኘናቸው» አሉን ቄሱና የሰንበቴው ሰዎች። ወደ የትኛው አገር? አገራቸው ደርቆ አይደለም ወይ የመጡት? ያንን ሲሉ መቋሚያ ይዘው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቅዳሴ ሊገቡ ነበር። እናቴ እስክትሞት ድረስ ሰንበቴያቸውን አልቀመሰችም። እሷ ስታርፍም ከእነሱ አንድ ሰው ለቀብር አልመጣም።

ዛሬ፣ ተመስገን፣ ልጆቼን አሳድጌያለሁ። ማጀቴ ባዶ ሆኖ አያውቅም። የደብራችን ወጣቶች በበዓል ቀን ከየትም ለመጣ ሰው ንፍሮ ሲያድሉ ሳይ እመርቃቸዋለሁ። ያኔም እንዲህ ማድረግ ይቻል ነበር። የደብሩ ዕቃ ቤት እህል ነበረበት፤ እኛ ልጆቹ በበሩ ስንጥቅ አይተነዋል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

የንስሐ አባቴ፣ «ይቅር በያቸው ልጄ፣ ሁሉም ሞተዋል» ይሉኛል። በእናቴ ላይ ላደረጉት ይቅር ብያቸዋለሁ። ያቺን ሴትና ልጇን ስላባረሯቸው ግን፣ ይቅር ማለት ያለባት እሷ ናት። የት እንደወደቀች እንኳ አላውቅም።