የተሰረዙት ከብት ነጂዎች

ወንድሜ ሲሞት፣ ቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። እናቴ ብዕር መያዝ አልቻለችም።

ጻፍኩ። እየሰረዝኩ፣ እንደገና እየጀመርኩ። ከዘጠና ሰባት ምርጫ በኋላ ተሰዶ እዚህ አገር እንደመጣ፣ ክሮይደን በሚባል ሰፈር የመኖሪያ ወረቀቱን ሲጠብቅ ሥራ ስላልተፈቀደለት ቀኑን ላይብረሪ ያሳልፍ እንደነበር። እዚያ የአሮጌ ፎቶግራፎች መጽሐፍ አገኘ። ፈረስ ላይ የተቀመጡ፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ገመድ የጠቀለሉ ከብት ነጂዎች። ጥቁሮች። ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ከባርነት የወጡ ሰዎች ወደ አሜሪካ ምዕራብ ሄደው ከብት እንደነዱ፣ መሬት እንዳቀኑ፣ የራሳቸውን ከተማ እንደቆረቆሩ ይነግረኛል። አውቶቡስ መንዳት ከጀመረ በኋላም በእረፍቱ የሚያነበው ይህንኑ ነበር። ካውቦይ ፊልም አብሮት ማየት አይቻልም፤ በየመሃሉ ያቆመዋል። "ታዲያ ጥቁሮቹ የት ሄዱ?" ይላል።

የዕድራችን ሰብሳቢ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና መካከሉን በረጅም መስመር ሰረዙት።

"ልጄ፣ ይሄ የአሜሪካኖች ታሪክ ነው። የወንድምህን ጻፍ።"

"የእሱ እኮ ነው፣ ጋሼ።"

"ለቅሶ ላይ ስለ ካውቦይ አይወራም።"

በቦታው ትሑት፣ ሰው አክባሪ፣ ሥራ ወዳድ የሚል ገባ። ሥራ መውደዱ እውነት ነው። ትሑት ግን አልነበረም፤ በክርክር ሰው ያሰለች ነበር። ደግሞ ባለፈው ዓመት ለሞቱ አንድ ሽማግሌም የተነበበው ይኸው ነው።

ቀብሩ ላይ የታረመውን አነበብኩ። ጨረስኩና ወረቀቱን አጠፍኩ። ከዚያ በቃሌ ልናገር ሞከርኩ። ወንድሜ አሜሪካ... አልኩ። ጥቁሮች ቀድመው... ብዬ አቆምኩ። እንደገና ከአሜሪካ ጀመርኩ። ሴቶቹ ለቅሷቸውን አነሡ፤ ሰብሳቢው ክንዴን ይዘው ወደ ኋላ መለሱኝ።

ከቀብር መልስ አዳራሹ ውስጥ ንፍሮ ሲዞር፣ ከፊንስበሪ ፓርክ የመጡ አንዲት ሴትዮ ከንፈራቸውን መጠጡ። "ምስኪን፣ የአሜሪካ ፕሮሰሱ አልቆለት ነበር አሉ።" ጀምሮም አያውቅም አልኳቸው። "ቀብሩ ላይ አንተው ጀምረኸው፣ አሁንማ ምን መደበቅ አለው" አሉኝ። ትንሽ ቆይቶ ወሬው ቪዛው ተመትቶለት ነበር ሆነ። ሻይ ሲቀዳ ደግሞ ትኬት ቆርጦ ነበር። የማስተባብለው ሰው በዛብኝና ተውኩት።

ሃርልስደን ቤታችን ስንገባ እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

"ጥሎኝ ሊሄድ ነበር?" አለችኝ። "ለአንተ ነግሮ፣ ከእኔ ደብቆ?"

ይሄ ለእሷ እንደሚደርስ አላሰብኩም። በሞቱ ላይ ሌላ ቁስል። ንዴቴን ዋጥኩና አጠገቧ ተቀምጬ ከላይብረሪው ጀምሬ ነገርኳት። ፈረሱን፣ ገመዱን፣ ከተሞቹን። ቃል ሲያጥረኝ በእጄ አሳየኋት።

"ጥቁሮች?" አለች በመጨረሻ።

"ጥቁሮች።"

"ሊሄድ አልነበረም?"

"የትም። የሚያናድደው የእነሱ መረሳት ነበር።"

ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ቀና ብላ ስታየኝ ፊቷ ላይ ቁጣ ነበር።

"ታዲያ ለምን እዚያው፣ ሰው ፊት አልተናገርክም?"

"ተናግሬ ነበር" አልኳት።