እሷን ፀሐይ እንዳይነካት

ባሌ የማሽን ዕቃ ሞዴል ሠሪ ነው። ጠዋት በስልክ፣ «እሷን ፀሐይ እንዳይነካት፤ ራሴ መጥቼ አጥባታለሁ!» ሲል ሰማሁና ደሜ ፈላ። ተከትዬው ወርክሾፑ ውስጥ ዘው አልኩ።

«የታለች እሷ?»

ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ገንዳ ውስጥ ያለች ባለ ክንፍ የፓምፕ መዘውር አሳየኝ። «ይሄ ፈሳሽ ሬዚን ነው፣ ብርሃን ሲያገኘው የሚጠነክር ሙጫ፤ ገንዳው ውስጥ የማሽኑ ሌዘር ጨረር የነካው ቦታ ብቻ ይጠነክራል። አንዱ ስስ ሽፋን ሲጠነክር የተቀመጠችበት ሳህን ዝቅ ይልና ሌላው ከላዩ ይሣላል። ሳትታጠብ ፀሐይ ካገኛት የተረፈው ፈሳሽ ላይዋ ላይ ይደርቅና ትበላሻለች።»

እፎይ ልል ስል አልኮል ውስጥ ነከራትና ክንፍ ክንፏን በለስላሳ ብሩሽ እያሸ፣ «አይዞሽ የኔ ቆንጆ» አላት። እኔን እንዲህ ያለኝ ሙሽራ ሳለሁ ነው!

ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ የምነጨው ፀጉር ይኖራታል።