ጫማ ያደረገው «ሰ»

የእህቴ ልጅ የሠርግ ጥሪዋን ይዛልኝ መጣች። የሙሽራውን ስም ገና ሳላነብ ዓይኔ ፊደሉ ላይ ቀረ፤ ሆዳቸው የተነፋ፣ ወዲያና ወዲህ ያዘመሙ ፊደላት። «ሰ» በሁለት እግሮቹ ጫማ አድርጎ ቆሟል።

«ከእድሩ አግዳሚ ወንበር ላይ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ነው፣ አክስቴ» አለችኝ። «የጎደሉትን ራሴ ሣልኩና ኮምፒውተር ላይ ጫንኳቸው። ማን እንደጻፋቸው ግን የሚያውቅ አጣሁ።»

እኔ ነኛ! ግን አልነገርኳትም።

ያኔ መቱ ከተማ ታፔላ የምጽፍ ወጣት ነበርኩ። ባለሱቁ ሁሉ ስሙን በአማርኛም በኦሮምኛ ቁቤም የሚያጽፍበት ጊዜ ስለነበር ሥራ አይጠፋም። ቀጥ ያለ ፊደል ግን እጄ እምቢ አለ፤ በማስመሪያ ብጀምረው እንኳ መጨረሻው ዳንኪራ ነው። የጁስ ቤቷ ባለቤት ወደደችው። የጎሬ ሚኒባስ ሾፌርም መኪናው ላይ የጻፍኩለት ፊደል በጭቃ እንዳይሸፈን ወንዝ ባገኘ ቁጥር ቆሞ ያጥበው ነበር። አባቴ ብቻ አልጣማቸውም። የሰፈራችን እድር ስሙን አግዳሚዎቹ ላይ እንድጽፍ ሲጠራኝ፣ «ይህን ካበላሸሽ ቡሩሹን ጥለሽ ጎሬ አክስትሽ ሱቅ ትገቢያለሽ» አሉኝ። ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አልነበሩም።

በትልቅ ለቅሶ የየእድሩ ወንበር እየተቀላቀለ ያጣላ ነበርና ነው ስም ይጻፍ የተባለው። «አሳምሪው» አሉኝ፤ አሳመርኩት። ወንበሩ የት እንደሚሄድ ለአፍታ እንኳ ትዝ አላለኝም።

እሑድ አባላቱ ተሰበሰቡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሰብሳቢው ጋሼ ነጋሳ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ኩን ማሊ፣ ኢንተላ ኮ? ምንድን ነው ይሄ፣ ልጄ? ለቅሶ ቤት የሚጨፍር ፊደል!»

«አሳምሪው ስላሉኝ ነው፣ ጋሼ...»

ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ አጉረመረመ። አባቴ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። የአክስቴ ሱቅ የላምባና የሳሙና ሽታ እዚያው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ።

በዚያው ዓመት ባላቸውን የቀበሩት እትዬ ብርቄ ተነሡ። «አቶ ነጋሳ፣ እኔ ሦስት ቀን አንገቴን ደፍቼ ከፊቴ ያለውን አግዳሚ ነው ያየሁት። ባዶ እንጨት! ሐዘንተኛ የሚያየው ነገር ቢኖረው ምን አለበት? ደግሞስ ይኸው ወንበር ለሠርግ አይወጣም?»

ጋሼ ነጋሳ እንደገና ጎንበስ አሉ። ከዚያ ጣታቸውን የ«ሰ» ጫማ ላይ አድርገው፣ «ማሰሪያው ቀርቶታል» አሉኝ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ አባቴም ሳቁ። ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። ዝናቡ እስኪያባራ በሁሉም አግዳሚ ላይ የጫማ ማሰሪያ ሣልኩ።

ከዓመታት በኋላ አባቴ ሲያርፉ፣ አንገቴን ደፍቼ ስቀመጥ «ሰ» ከፊቴ ቆሟል። ማሰሪያው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። እያለቀስኩ ሳቅሁ። ጎረቤቶች ሐዘን ያሳበደኝ መስሏቸው ውሃ አቀበሉኝ። እትዬ ብርቄ ብቻ ገብቷቸው እጄን ያዙኝ።

አሁን ጥሪውን ደግሜ አየሁት። ስንት ሰው የተቀመጠበት ማሰሪያ ከአግዳሚው ጨርሶ ተፍቆ ጥሪው ላይም የለም።

«ማሰሪያው ቀርቶታል» አልኳት።

ግራ ገብቷት አየችኝ። እስክሪብቶዋን ተቀበልኳትና እዚያው የሠርግ ጥሪዋ ላይ ሁለቱንም ጫማ አሰርኩለት።