ከመኪናው ሥር ያለው ቀለበት

ባሌ አሮጌ መኪናውን ለእሽቅድምድም ሲያዘጋጅ የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከካምቢዮ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ቢሰበር ወለሉን በስቶ እንዳይገባ ዙሪያውን የብረት ቀለበት ይደረግለት አልኩት።

«ክብደት ይጨምራል» ብሎ አንገራገረ።

«እንግዲያው እኔም አብሬህ ገብቼ እቀመጣለሁ።»

በማግስቱ ከባምቢስ ሱፐርማርኬት ጀርባ ካለ ጋራዥ ቀለበቱን አስበይዶ መጣ።

በውድድሩ ዕለት ገና ከመነሻው ሲፈተለክ ከሥሩ ከባድ ድምፅ ተሰማና መኪናው ቆመ። ሮጬ ስደርስ እሱ ወርዶ፣ አስፋልቱ ላይ ተንጋሎ ከሥር ያያል። ዘንጉ ተሰብሮ ቀለበቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ነይ እይው» አለኝ ቀስ ብሎ። አጠገቡ ተንጋለልኩና አብረን አየነው። ከዚያ እጄን ያዘኝ።

መኪናውን አስጎትተን ወደ ካዛንቺስ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እንዳሸነፈ ሰው ያፏጭ ነበር።