በባዶ ዓይን የታየች ፀሐይ

መምህር ዋቅወያ ነገራን ያወቅሁት ነቀምቴ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት አብረን ስናስተምር ነው። እሱ ሳይንስ፣ እኔ አማርኛ። ቀጭን፣ ፈጣን እርምጃ ያለው፣ ጠመኔ ኮት ኪሱ ውስጥ እየረሳ ልብሱን የሚያነጣ ሰው ነበር።

አባቱ ኦቦ ነገራ ወደ ዲጋ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከከተማው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ርቀው የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። ማንበብ የተማሩት ከጎለመሱ በኋላ ከሚሲዮን ሰዎች ነው። በእኛው ፊደል የታተመ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበራቸው፤ እሑድ እሑድ ለጉባኤው የሚያነቡት እሳቸው ነበሩ። ዓይናቸው በዚያ ዕድሜያቸው እንኳ መነጽር አልጠየቀም።

ዋቅወያ ሃይማኖቱን አልተወም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ተምሮ ከተመለሰ ወዲህ ተአምር የተባለውን ሁሉ በሰማይ ሥርዓት መፍታት ልማድ አደረገ። ለሰብአ ሰገል የታየው ኮከብ ሁለት ፈለኮች ተጠጋግተው እንደ አንድ ሲያበሩ ነው ይላል። ለኢያሱ ፀሐይ የቆመችበትንም እንዲሁ በራሱ መንገድ ያስረዳል። በመምህራን ክፍል ስንከራከር ማንም አይረታውም ነበር።

በ1952 መስከረም ወር ላይ ፀሐይ እንደምትጋረድ ጋዜጣ ጻፈ። ቀኑ መስከረም ሃያ አንድ፣ ዓርብ ነበር። ዋቅወያ ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ፣ አባቱ አንብበው ሲቀመጡ፣ ጉባኤው ፊት ቆመ። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ጨረቃ ፀሐይን ትሸፍናለች፣ አትደንግጡ አለ። ያ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። ጌታ በተሰቀለ ቀን የሆነውም ጨለማ ይኸው ነው፣ ዓርብ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ ብሎ ጨመረበት። ኦቦ ነገራ መጽሐፋቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወጡ።

ሐሙስ ዕለት በኩራዝ ጭስ ያጠቆረው ስባሪ መስተዋት ይዞ አባቱ ቤት ሄደ። በዚህ ይመልከቱ፤ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ስትሸፈን ግን በባዶ ዓይን ማየት ይቻላል አላቸው። ነቀምቴ ላይ ሙሉ በሙሉ እንደምትሸፈን አልተጠራጠረም።

ዓርብ የግሸን ማርያም በዓል ነበርና ከኦርቶዶክሱ ቤተ ክርስቲያን የከበሮ ድምፅ ይሰማል። እኛ ከተማሪዎቹ ጋር ሜዳው ላይ ነበርን። ብርሃኑ እየሳሳ፣ እንደ አመድ እየሆነ ሄደ። ብርድ ያዘለ ነፋስ መጣ። ዶሮዎች ወደ ማደሪያቸው ገቡ። ከበሮው ቆመና በምትኩ የእግዚኦታ ድምፅ ተነሣ። ከፀሐይዋ ግን እንደ ማጭድ የቀጠነች አንዲት ጠርዝ ቀረች፤ ጠብቀን ጠብቀን አልተሸፈነችም። ዋቅወያ ያን ሲያይ ተማሪዎቹን፣ መስተዋቱን ከዓይናችሁ እንዳታነሡ፣ እያለ በመካከላቸው ሮጠ። አንድም ልጅ አልተጎዳም። ማታ ሲለየኝ ደስተኛ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ዋቅወያና እኔ መምህራን ክፍል ሳለን እኅቱ ቀለሟ መጣች። ተቀመጪ ብንላት አልተቀመጠችም።

“አባ መጽሐፉን ከፍቶ ፊደሉ የለም ይላል” አለች።

ኦቦ ነገራ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሲያዩ ትከሻውንና ጆሮውን እንጂ ፊቱን አያዩም ነበር። የሚያዩት ነገር መካከሉ ጠቁሯል፤ ጥቁሩም ማጭድ ይመስላል፣ ወደ ተመለከቱበት ሁሉ አብሮ ይዞራል። ሐኪሙ አይቶ የሚደረግ ነገር የለም አለ። አንዳንዱ ሰው ቅጣት ነው አለ። ሌላው ደግሞ ሽማግሌው ከልጃቸው ጋር እልህ ተጋብተው መስተዋቱን ጥለው አፈጠጡ አለ። ዋቅወያ ይኼን ሁለተኛውን አመነ፤ ሲያዝንም በውስጡ ትንሽ ይናደድባቸው እንደነበር በኋላ ነግሮኛል።

ከትምህርት በኋላ በየቀኑ እየሄደ ያነብላቸው ጀመር። ሲገባ ኦቦ ነገራ አንገታቸውን ወደ ጎን ጠምዘዝ ያደርጋሉ፤ በዓይናቸው ዳርቻ የልጃቸውን ፊት ለመያዝ ነው። ያንን አንገት ማየት ከሁሉም የከበደው ነገር ነበር።

በዚያ ዓመት ፋሲካ ማግሥት ወደ ቤታችን ጋበዝሁት። አባቴ መሪጌታ ሀብተጊዮርጊስ ከጎጃም መጥተው ነቀምቴ የከተሙ፣ ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። የግርዶሹ ወሬ ተነሣና አባቴ በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ እንዲህ አሉ፦

“ልጄ፣ ስቅለቱ በአይሁድ ፋሲካ ነው። የአይሁድ ፋሲካ ደግሞ ጨረቃ ስትሞላ ነው የሚውለው። ሙሉ ጨረቃ ከፀሐይ ማዶ ናት፤ በምን ትጋርዳታለች?”

ዋቅወያ ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ ወለሉ ላይ ሦስት ክብ ሣለ። ፀሐይን፣ ምድርን፣ ጨረቃን። ለረጅም ጊዜ አቀርቅሮ አየው። የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ ስትወለድ ብቻ መሆኑን በየዓመቱ ለሰባተኛ ክፍል የሚያስተምረው እሱ ነው። ሁለቱን ነገር አንድ ቀን እንኳ አላገናኛቸውም። ሥዕሉን በጫማው አጠፋውና ወደ አባቱ ብቻውን መሄድ ስላልቻለ አብሬው እንድሄድ ለመነኝ።

ኦቦ ነገራ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። የተነጋገሩት በኦሮምኛ ነው፤ እኔም እሰማለሁ። ተሳስቼ ነው፣ ጌታ በተሰቀለ ቀን ጨረቃ ሙሉ ነበረች፣ ግርዶሽ ሊሆን አይችልም አላቸው።

“አውቃለሁ” አሉ ኦቦ ነገራ። “ከከብት ጋር ሜዳ እያደርኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሙሉ ጨረቃ የምትወጣው ፀሐይ ስትገባ ነው፤ በቀትር ምን ትሠራለች ብዬ ነበር።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?”

“ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ የተማርከው አንተ ነህ። እኔ የማላውቀው ይኖራል አልሁ። በመስተዋቱ ምንም አልታየኝም። ሲጨልም ግን በባዶ ዓይን ይታያል ብለኸኝ ስለነበር ተሸፈነች ብዬ ቀና አልሁ። ያልከው እውነት መሆኑን ማየት ፈለግሁ።”

አባቱ ቀና ያሉት ከእሱ ጋር እልህ ተጋብተው እንዳልነበረ ለዋቅወያ ያን ጊዜ ገባው።

ኦቦ ነገራ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ። ዋቅወያ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ አነበበላቸው። ስለ ስቅለቱ ጨለማ የሚናገረው ቦታ ሲደርሱ ሁልጊዜ ያስቆሙትና፣ ታዲያ ምን ነበር? ይሉታል። አላውቅም ይላል። እሳቸውም፣ ቀጥል ይሉታል። በሞቱበት ቀን ከጎናቸው ቆሞ ሳለ አንገታቸውን እያዘነበሉ ብዙ ፈለጉት፤ ፊቱን አግኝተውት ይሁን ሳያገኙት፣ አላወቀም።

ከቀብሩ በኋላ ወደ ጊምቢ ዝውውር ጠየቀ። እዚያም ሳይንስ አስተማረ፣ ስለ ሰማይ ግን የመማሪያ መጽሐፉ ከሚለው አንዲት ቃል አልፎ አልተናገረም። አንዳንድ ቀን ከሰሌዳው ዞር ሲል ተማሪዎቹ ሁሉ አንገታቸውን ወደ ጎን ጠምዝዘው የሚያዩት ይመስለው ነበር።

በ1965 ሰኔ ወር ፀሐይ ዳግመኛ ተጋረደች። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ዋቅወያ ከጠዋት ጀምሮ በሰፈሩ ቤት ለቤት እየዞረ፣ ከቤት አትውጡ፣ ከብቶቻችሁንም አስገቡ፣ እያለ ለመነ። የሳቁበት ነበሩ። ከዚያ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀመጠ።

በሚቀጥለው ወር ጊምቢ ስሄድ እንዴት አለፈ አልሁት።

“ግድግዳው ሲጠቁር አየሁት” አለኝ። “ወጥቼ ቀና ብዬ ማየት ያልፈለግሁበት አንዲት ደቂቃ አልነበረችም።”